ስለ ዓለም አቀፍ ካርዳችሁና ስለ ምንዛሪው፦ ከአዳማ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለባንካችን የዓለም አቀፍ ካርድ ክፍል ኃላፊዎች
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የባንካችሁን ስም በዚህ ደብዳቤ አላነሳሁም። ስታነቡት ራሳችሁን ታውቁታላችሁ። ሌሎች ባንኮችም ቢያነቡት የሚጠቅማቸው ነገር አያጡም።

እኔ አዳማ ውስጥ በአንድ የገበያ ሕንፃ ሱቅ ያላቸውን ነጋዴዎች ሒሳብ እይዛለሁ። ልብስ፣ ጫማ፣ የመዋቢያ ዕቃ፣ የስልክ ዕቃ የሚሸጡ ናቸው። ለሥራ ዱባይና ኢስታንቡል ይሄዳሉ። ቤተሰብ ታሞባቸው ባንኮክ የሄዱም አሉ። ሲሄዱ የእናንተን የዶላር ካርድ ይዘው ነው። ሲመለሱ ስቴትመንቱን (የካርዱን የሒሳብ መግለጫ) ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጡና «እስቲ ይሄን እይልን፣ የት ገባ ብራችን?» ይሉኛል።

ለመጻፍ ያነሳሳን በቅርቡ ቅርንጫፋችሁ መስኮት ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ነው። ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ሁለት ነገር ይላል። የካርድ ቅሬታ ከእንግዲህ አዳማ አይታይም፤ ባለካርዱ ዋናው መሥሪያ ቤት ይቅረብ። በውጭ አገር በሚደረግ ክፍያ ላይ ለሚፈጠር የምንዛሪ ልዩነትም ባንኩ ተጠያቂ አይደለም።

የመጀመሪያው አድካሚ ነው። ሁለተኛው ግን ትክክል አይደለም። ለምን እንደሆነ በየጉዳዩ አስረዳለሁ። ብራችን ዶላር ሆኖ፣ ዶላሩ ደግሞ የዱባይ ድርሃም ወይም የታይላንድ ባት እስኪሆን ድረስ የሚቆረስባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። እናንተ ታውቋቸዋላችሁ። ደንበኛው ግን የሚያውቃቸው ከተቆረጠበት በኋላ ነው።

ከካርድ ጭነቱ፣ ማለትም ብር ከፍለን ካርዱ ላይ ዶላር ከምናስሞላበት፣ ልጀምር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እያንዳንዱ ባንክ የራሱን መግዣና መሸጫ ያወጣል። ነጋዴው ይህን ቶሎ ለምዶታል። ሱቅ ከመክፈቱ በፊት የሦስት የአራት ባንክ ዋጋ በስልኩ አይቶ ነው የሚወጣው። ችግሩ የእናንተ የምንዛሪ ሰሌዳ ላይ ያለው ዋጋና ካርዱ ሲጫን የሚቆረጠው ብር አለመገናኘታቸው ነው።

የምትሰጡን ደረሰኝ አንድ ድምር ብቻ ነው የያዘው። ይህን ያህል ዶላር ተጫነ፣ ይህን ያህል ብር ተቆረጠ፣ አለቀ። በስንት እንደተሸጠ አይልም። ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነም አይልም። እኔ ብሩን ለዶላሩ አካፍዬ፣ ከውጤቱ ላይ የዕለቱን መሸጫ ቀንሼ ነው ኮሚሽኑን የማገኘው። ይህን እኔ ሥራዬ ስለሆነ እሠራዋለሁ። ጫማ የሚሸጥ ሰው ለምን ይሠራዋል? እዚህ አዳማ ከፖስታ ቤት ፍራንኮ ሰፈር የሚያደርስ ባጃጅ እንኳ ሒሳቡን ሳይናገር አይነሳም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ሰሌዳችሁ ላይ 1 ዶላር 100 ብር ነው እንበል፤ ጎረቤት ባንክ ደግሞ 101 ብር ይላል። ለስሌት እንዲቀል ብዬ ነው ይህን ቁጥር የያዝኩት። እናንተ 3 በመቶ ኮሚሽን ከጨመራችሁ ዶላሩ 103 ብር ገባ። ጎረቤት ባንክ 1 በመቶ ከጨመረ 102 ብር ከ1 ሳንቲም ነው። ሰሌዳ አይቶ ወደ እናንተ የመጣው ሰው ረከሰልኝ ብሎ ተወዶበት ሄደ ማለት ነው። ለ2,000 ዶላር ልዩነቱ 1,980 ብር ነው።

ከጉዞ የተረፈውም እንደዚሁ። አንድ የጫማ ነጋዴ ተመልሶ ሲመጣ ካርዱ ላይ 340 ዶላር ቀርቶት ነበር። ሲጭን በመሸጫ ዋጋ ገዝቶት፣ ኮሚሽን ከፍሎበት ነው። ሲመልስ ደግሞ በመግዣ ዋጋ ተወሰደለት። ባንክ በመግዣና በመሸጫ መካከል ባለው ልዩነት እንደሚሠራ እናውቃለን፤ ይህን አንቃወምም። ግን ሲጭን የተረፈው ምን እንደሚሆን የነገረው የለም። ቢያውቅ ኖሮ ዱባይ ላይ ሆቴሉን በዚያው ካርድ ከፍሎ በጥሬው የያዘውን ይዞ ይመለስ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እህታችን የመዋቢያ ዕቃ ነጋዴ ናት። ዱባይ ዴራ ውስጥ ከአንድ ጅምላ አከፋፋይ የ4,200 ድርሃም ዕቃ ገዛች። ካርዷን ሰጠች። ሻጩ የክፍያ ማሽኑን በእጁ ይዞ አንድ ቁልፍ ተጫነና የሚስጥር ቁጥሯን እንድታስገባ ወደ እሷ አዞረላት። አስገባች። ደረሰኝ ወጣ። ተመስገን ብላ ዕቃዋን አስጫነች።

ያ ደረሰኝ አሁን እኔ ጋ ነው። ጽሑፉ መደብዘዝ ጀምሯል፣ ግን ይነበባል። ከላይ 4,200 ድርሃም ይላል። ከሥሩ 1 ድርሃም 0.2856 ዶላር ይላል። ከዚያ ደመቅ ብሎ 1,199.52 ዶላር። ግርጌው ላይ በጥቃቅን እንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ የገንዘብ ዓይነት ምርጫ ቀርቦልኝ በዶላር ለመክፈል ተስማምቻለሁ የሚል። ምርጫ ግን አልቀረበላትም። የመረጠው ሻጩ ነው።

የድርሃም ጥሩ ነገሩ ስሌቱ የማያከራክር መሆኑ ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 1 ዶላርን በ3.6725 ድርሃም አስራዋለች። ከፍ ዝቅ የለም። 4,200ን ለ3.6725 ብናካፍል 1,143.64 ዶላር ይመጣል። የተቆረጠባት 1,199.52 ነው። ልዩነቱ 55.88 ዶላር፣ ወደ 5 በመቶ ገደማ።

ቅርንጫፋችሁ ሄዳ ስትጠይቅ «ገበያው ተለዋውጦ ይሆናል» ተባለች። የቱ ገበያ? ድርሃም አይለዋወጥም እኮ። የሳዑዲ ሪያልም በ3.75 የታሰረ ነው። ከአዳማ ጭነት የሚያነሱ ሹፌሮች የሚያውቁት የጅቡቲ ፍራንክም ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 1 ዶላር በ177.721 እንደታሰረ ነው። ደንበኛ ከእነዚህ አገሮች ተመልሶ ሲጠይቃችሁ ገበያ ተለዋወጠ የሚል መልስ አይሠራም። ካልኩሌተር ያለው ሁሉ ያረጋግጠዋል።

እውነተኛው መልስ ይኸውና። ሱቁ ያደረገው ነገር ዳይናሚክ ከረንሲ ኮንቨርዥን ይባላል። ማሽኑ ካርዱ የዶላር መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ «በአገሩ ገንዘብ ልቁረጥ ወይስ በካርዱ ገንዘብ?» ብሎ ይጠይቃል። በአገሩ ገንዘብ ከተባለ ቅየራው በካርዱ ኔትወርክ፣ ማለትም በቪዛ ወይም በማስተርካርድ፣ የዕለት ተመን ይሠራል፤ እሱ ለጅምላው ገበያ ዋጋ በጣም የቀረበ ነው። በካርዱ ገንዘብ ከተባለ ግን ተመኑን የሚያወጣው የሱቁ ማሽን አገልግሎት ሰጪ ነው፤ የራሱን ትርፍ ጨምሮ። ከዚያ ትርፍ ለሱቁም ይደርሰዋል። ሻጩ ቁልፉን ፈጥኖ የሚጫነው ለዚህ ነው።

ይህን የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፦ «በድርሃም።» ይህን አንድ ቃል ካርዱን ስትሰጧት ብትነግሯት ኖሮ 55 ዶላሩ ቦርሳዋ ውስጥ ይቀር ነበር።

ሱቁ ነው ያጠፋው ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሱቁ ነው ያጠፋው። ግን የቪዛና የማስተርካርድ ደንብ ነጋዴው ሁለቱንም አማራጭ እንዲያሳይና ምርጫውን ለባለካርዱ እንዲተው ያስገድዳል። ሳያስመርጥ ከወሰነ ባለካርዱ መከራከር ይችላል። የሚከራከረው ደግሞ ካርዱን በሰጠው ባንክ በኩል ነው። ሌላ በር የለውም። እህታችን ዱባይ ሄዳ ሱቁን አትከስም፤ ቪዛ ቢሮ ገብታም አታመለክትም። መንገዷ እናንተ ናችሁ። እናንተ ደግሞ «ተጠያቂ አይደለንም» ብላችሁ መስኮት ላይ ለጠፋችሁ። ቅሬታዋ ወደ ኔትወርኩ መላኩን ጠየቅን፤ አልተላከም። ማመልከቻ ቅጽ እንኳ አልተሰጣትም።

በዚህ ላይ ሌላ ጨመራችሁበት። ስቴትመንቷ ላይ «የውጭ ግብይት ክፍያ» የሚል መስመር አለ፤ 23.99 ዶላር። ከ1,199.52 ላይ 2 በመቶ ነው። ይህ ክፍያ ለምን እንደሆነ ስንጠይቅ «ለምንዛሪ ቅየራ» ተባልን። ቅየራውን የሠራው ሱቁ ነው። ለእናንተ የደረሳችሁ ዶላር ሆኖ ነው። እንግዲህ ለአንድ ቅየራ ሁለት ቦታ ተከፈለ ማለት ነው። ክፍያው የቅየራ ሳይሆን ድንበር ተሻጋሪ ግብይት በመሆኑ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ይህንኑ ጻፉልን፤ እንረዳለን። በድርሃም ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ 2 በመቶውም ተጨምሮ በጠቅላላ 1,166.51 ዶላር ነበር። የከፈለችው 1,223.51 ነው። 57 ዶላር በአንድ ቁልፍ።

ሌላው የባንኮኩ ነው። ይኸኛው ከንግድ ጋር አይገናኝም። ከሕንፃችን ነጋዴዎች አንዱ አባቱን ለሕክምና ይዞ ሄደ። ካርዱ ላይ በቂ ዶላር አለ። ሆስፒታሉ የመጀመሪያ ክፍያ ጠየቀ። ካርዱ አልሠራም አለ። በቀን ሊከፈል የሚችለው ጣሪያ ከሒሳቡ ያንስ ነበር። ጣሪያ መኖሩን አልነገራችሁትም፤ ጣሪያው በጥያቄ ከፍ እንደሚልም አልነገራችሁትም። ስልክ ደወለ። ባንኮክ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ማን ያነሳል? የጥሪ ማዕከላችሁ በሥራ ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው።

ስለዚህ ወደ ኤቲኤም ሄደ። የታይላንድ ኤቲኤሞች የውጭ ካርድ ሲገባባቸው በእያንዳንዱ ማውጣት ክፍያ ይቆርጣሉ፤ በእሱ ጊዜ 220 ባት ነበር። ይህ የማሽኑ ባለቤት ክፍያ ነው፤ ትንሽ ብታወጣም ብዙ ብታወጣም አይለወጥም። እናንተም በየማውጣቱ በዶላር የተቆረጠ ክፍያ አላችሁ። ጥሬ ገንዘብ የማውጫ ጣሪያችሁ ዝቅተኛ በመሆኑ 5,000 5,000 ባት እያለ ነው ያወጣው። ከ5,000 ላይ 220 ሲቆረጥ 4.4 በመቶ ነው። 20,000 በአንዴ ቢያወጣ 1.1 በመቶ ይሆን ነበር። ጣሪያው እናንተ ያወጣችሁት ነው። ጉዳቱ የማን ነው?

ኤቲኤሙም የራሱ ዘዴ አለው። ገንዘብ ከመስጠቱ በፊት አንድ ጥያቄ ያመጣል፤ ቅየራውን ትቀበላለህ ወይስ አትቀበልም? አለመቀበሉን የሚገልጸው ቁልፍ «ዲክላይን» የሚል ነው። ሰው ደነገጠ። አባቱ አልጋ ላይ ነው። ዲክላይን ብል ገንዘቡን ባይሰጠኝስ አለ። ተቀበልኩ የሚለውን ተጫነ። ማሽኑ በራሱ ተመን ቀየረበት። ዲክላይን ቢል ገንዘቡ ይወጣ ነበር፤ ቅየራው ብቻ ወደ ካርዱ ኔትወርክ ይሄድ ነበር። ይህን ማንም ቀድሞ ሳይነገረው እንዲገምት አይጠበቅበትም፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ጭራሽ።

የኢስታንቡሉን ባጭሩ ልለፈው፤ ከፊሉ የማንም ጥፋት አይደለም። ላሌሊ ላይ ልብስ የገዛ ነጋዴ የተበላሸ ዕቃ መለሰ። ሱቁ በሊራ መለሰለት። የተመለሰው ዶላር ከከፈለው አነሰ። ሊራ በመካከሉ ወርዷል፤ ተመላሽ ገንዘብ ደግሞ በሚመለስበት ቀን ተመን ነው የሚሰላው። በዚህ አንወቅሳችሁም። የወቀስናችሁ የመጀመሪያው ግብይት ላይ የቆረጣችሁትን 2 በመቶ አለመመለሳችሁ ነው። ግዢው ተሰርዟል። ክፍያው ለምን ቀረ?

ናይሮቢ ለስልጠና የሄደ መምህር ደግሞ ሆቴሉ ሲገባ ካርዱ ላይ መያዣ ያዘበት። ሲወጣ ሒሳቡን ለብቻ ከፈለ። መያዣው እስኪለቀቅ ቀናት ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ገንዘቡ የለም። ሆቴልና የመኪና ኪራይ መያዣ እንደሚይዙ በዓለም ላይ የታወቀ ነው። ካርድ ለሚሰጥ ባንክ ይህን መናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ አዳማው የካርድ ቅሬታ ዴስክ መዘጋትም ልናገር። አዲስ አበባ ቅርብ ነው ትላላችሁ። የፍጥነት መንገዱ አለ፣ ልክ ነው። ግን ቅሬታ ለማስገባት የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ብቻ አይደለም ጊዜው የሚያልቅበት። ሱቁን ይዘጋል። ይሄዳል። ወረፋ ይይዛል። ከዚያ «የሱቁን ደረሰኝ ኦርጅናል አምጡ» ይባላል። ደረሰኙ አዳማ ነው። ይመለሳል። ለ55 ዶላር ሁለት ቀን የሚዘጋ ነጋዴ የለም። ይህን ስለምናውቅ ነው ብዙ ሰው ዝም ያለው። የቅሬታ ቁጥር ቀነሰ ብላችሁ ሪፖርት ላይ እንዳትጽፉት እንጂ።

ደግሞም ቀነ ገደብ አለ። የካርድ ክርክር በኔትወርኮቹ ደንብ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መቅረብ አለበት። ቅሬታው ጠረጴዛ ላይ ሲያድር ጊዜው ያልፋል። ከዚያ በኋላ እውነትም የምታደርጉት ነገር አይኖርም።

የቅርንጫፍ ሠራተኞቻችሁን አልወቅስም። ጨዋ ልጆች ናቸው። አንዷ «እኛም ስልጠና አልተሰጠንም» አለችኝ። አመንኳት። ካርዱን ፖስታ ውስጥ አድርገው ከሚስጥር ቁጥሩ ጋር ይሰጣሉ፣ ያስፈርማሉ፣ አለቀ። የሚፈረመው ቅጽ ገጹ ብዙ ነው፤ ስለ ምንዛሪው የሚለው አንድ መስመር ነው፤ «ባንኩ በሚወስነው ተመን መሠረት» ይላል። ይህ መረጃ አይባልም።

ሌላ አገር እንዴት እንደሚደረግ አንድ ምሳሌ ላንሳ። በአውሮፓ ኅብረት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሱቅ ማሽንም ሆነ በኤቲኤም ቅየራ ሲቀርብ፣ ተመኑ ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ማጣቀሻ ተመን በስንት በመቶ እንደሚበልጥ ከክፍያው በፊት ለባለካርዱ መታየት አለበት። ካርድ የሚሰጡ ባንኮችም የራሳቸውን ጭማሪ በዚሁ መልኩ በመቶኛ ይገልጻሉ። ሕጉ ለእነሱ ነው፤ እኛን አያስገድድም። ግን ጠቃሚው ነገር ቀላልነቱ ነው። አንድ ቁጥር፣ በመቶኛ፣ ከታወቀ ተመን ጋር ተነጻጽሮ። ይህን ለማድረግ አዲስ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ካርድ ይዞ መሄድ መጥፎ ነገር አይደለም። በአግባቡ ከተያዘ ከኤርፖርት መቀየሪያ ይሻላል፤ ኪስ ውስጥ ጥሬ ዶላር ይዞ ከመዞርም ይሻላል። እኔ ለነጋዴዎቹ ይህን ነው የምነግራቸው። ግን አንድ ሰው በካርድ 5 በመቶ ከተበላ በኋላ አይሰማኝም። «ካርድ ይበላል፣ በጥሬው ይሻላል» ይልና ወደ ጥቁር ገበያ ይሄዳል። እናንተም ደንበኛ ታጣላችሁ፣ አገርም ዶላር በማይታይ መንገድ ይሄድባታል። ለምን ሄደ ብሎ ሰውን መክሰስ ይቀላል። ይልቅ ምን አባረረው ብላችሁ ብታዩት።

እስከዚያው ድረስ ሕንፃችን ውስጥ አንድ ወረቀት አዘጋጅተን በየሱቁ አድለናል። እናንተ እንድታዩት ይዘቱን እነሆ። ማሽኑ ወይም ሻጩ ሲጠይቅ ሁሌም በአገሩ ገንዘብ በሉ፤ ዱባይ በድርሃም፣ ኢስታንቡል በሊራ፣ ባንኮክ በባት። ሻጩ ማሽኑን በእጁ አይያዝ፤ ስክሪኑን ራሳችሁ እዩት፣ ከዚያ ነው ቁጥር የሚገባው። ደረሰኙ ላይ ዶላር ካያችሁ እዚያው ቆማችሁ ሰርዞ እንደገና በአገሩ ገንዘብ እንዲቆርጥ ጠይቁ፤ ከሱቅ ከወጣችሁ በኋላ ነገሩ ይከብዳል። ኤቲኤም ቅየራ ሲያቀርብ እምቢ በሉ፣ ገንዘቡ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ከማውጣት አንዴ ጠቅለል አድርጎ ማውጣት ይሻላል። ካርድ የሚቀበል ቦታ ካለ በካርዱ ክፈሉ፣ ጥሬ ገንዘብ ለታክሲና ለሻይ ይሁን። ቪዛም ማስተርካርድም የዕለት ተመናቸውን ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ፤ ስቴትመንቱን ከእሱ ጋር አስተያዩት። ግን የገዛችሁበት ቀንና ግብይቱ ሒሳብ ላይ የተመዘገበበት ቀን ሊለያይ እንደሚችል አትርሱ፤ የትኛው ቀን ተመን እንደሠራ አረጋግጡ። ደረሰኝ አትጣሉ፤ የክፍያ ማሽን ወረቀት ስለሚደበዝዝ በስልክ ፎቶ አንሱት።

ይህን ወረቀት መጻፍ የነበረባችሁ እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። ካርድ ሲጫን ደረሰኙ ላይ የተሸጠበት ተመንና ኮሚሽኑ ለየብቻ ይጻፍ። ኮሚሽኑ ከምንዛሪ ሰሌዳው ጎን ይለጠፍ፤ ሰው ሙሉውን ዋጋ አይቶ ይምረጥ። የውጭ ግብይት ክፍያችሁ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ የኤቲኤም ክፍያችሁ ስንት እንደሆነ፣ የቀን ጣሪያዎቹ ምን እንደሆኑና እንዴት እንደሚነሱ፣ የተረፈ ዶላር በምን ዋጋ እንደሚመለስ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በአንድ ገጽ ተጽፎ ከካርዱ ጋር ይሰጠን። ሱቁ በዶላር በቆረጠው ክፍያ ላይ «ለቅየራ» ተብሎ የተቆረጠው 2 በመቶ በምን ምክንያት እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልን፤ ምክንያት ከሌለው ይመለስ። የተሰረዘ ግዢ ላይ የተቆረጠውም እንዲሁ።

ሳያስመርጡ በዶላር ለቆረጡ ሱቆች የክርክር ማመልከቻ አዳማ ላይ ተቀበሉ። ዴስኩን ለመክፈት ሰው ከሌላችሁ ቅርንጫፉ ማመልከቻውንና የደረሰኙን ፎቶ ተቀብሎ በኢሜይል ይላክላችሁ፤ እኛ አዲስ አበባ መምጣት የለብንም። የእህታችን ጉዳይ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ አሁኑኑ ወደ ኔትወርኩ ይላክ። ማስረጃው ሙሉ ነው፣ እኔ ጋ አለ።

ደንበኛችሁ ውጭ አገር ሳለ ሌሊትም ቢሆን የሚነሳ አንድ ስልክ ይኑራችሁ። ዓለም አቀፍ ካርድ እየሸጣችሁ በአዲስ አበባ የቢሮ ሰዓት ብቻ መሥራት አይሆንም።

መስኮቱ ላይ ያለው ማስታወቂያ ይነሳ። ወይም ይስተካከልና ባንኩ ለምን ተጠያቂ እንደሆነ፣ ለምን እንዳልሆነ ተለይቶ ይጻፍበት።

በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። መልስ ካላገኘን ይህንኑ ደብዳቤ ከስቴትመንቶቹ ቅጂ ጋር ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እናስገባለን። መልሱ ሲመጣ፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ሕንፃው መግቢያ ላይ እንለጥፈዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በአዳማ የአንድ የገበያ ሕንፃ ነጋዴዎች ሒሳብ ሠራተኛ
ስለ ካርድ ተጠቃሚ ነጋዴዎችና ቤተሰቦቻቸው

ግልባጭ፦
በአዳማ ለሚገኘው የባንኩ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ